ከጥያቄ እስከ ዋቢ ዝርዝር፦ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ለጥናት መሥራትና ምንጭ መጥቀስ

የመመረቂያ ጽሑፉን የሚጀምር ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ቤተ መጻሕፍት የሚገባው ርእስ ይዞ እንጂ ጥያቄ ይዞ አይደለም። «እንቦጭ በጣና ሐይቅ» ርእስ ነው። ርእስ ግን የትኛውን መጽሐፍ ማንሣት፣ የትኛውን መተው እንደሚገባ አይናገርም፤ ስለዚህ ተማሪው ያገኘውን ሁሉ ፎቶ ኮፒ ያስነሣል፣ ያወረደውን ሁሉ በፍላሽ ያጠራቅማል፣ በመጨረሻም ሊጽፍ ሲቀመጥ የትኛውን ሐሳብ ከየት እንዳገኘው ለይቶ ማወቅ ይሳነዋል። ይህ መመሪያ ከዚያ ችግር ለመዳን የሚያስፈልገውን ሥራ በቅደም ተከተል ያሳያል። ምንጭ መጥቀስ የሚጀምረው የመጀመሪያው መጽሐፍ በተከፈተበት ሰዓት ነው፤ ጽሑፉ ካለቀ በኋላ ዋቢ ለመልቀም የሚደረግ ሩጫ ብዙ ጊዜ በስሕተት፣ አንዳንዴም በፈጠራ ይጠናቀቃል። አሠራሩ ግልጽ እንዲሆን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ምሳሌ እንከተላለን፤ ምሳሌያችንም በጣና ዳርቻ የሚኖሩ ዓሣ አስጋሪዎችና እንቦጭ ናቸው።

ጥያቄውን መቅረጽ

ርእሱን ወደ ጥያቄ ለመለወጥ ማን፣ የት፣ መቼና ምን የሚሉትን አራቱን ይወስኑ። «እንቦጭ በጣና ሐይቅ» የሚለው ርእስ በዚህ መንገድ ሲጠብ «እንቦጭ ከተስፋፋ ወዲህ በደንቢያና በፎገራ የሐይቅ ዳርቻ የሚኖሩ አስጋሪዎች የሚያሰግሩበት ቦታና ወቅት እንዴት ተለወጠ?» ይሆናል። አረሙ በጣና ላይ መኖሩ በይፋ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 በመሆኑ ጥያቄው በራሱ የጊዜ ወሰን አበጀ፤ ከዚያ በፊት የተጻፈው የአስጋሪነት ጥናት ለማነጻጸሪያ፣ ከዚያ በኋላ የተጻፈው ደግሞ ለዋናው መልስ ይፈለጋል ማለት ነው። ጥያቄው የሚነካቸውን የሙያ ዘርፎችም ያሳያል፦ ስለ አረሙ ሥነ ሕይወት፣ ስለ ዓሣው ሥነ ሕይወትና ግብርና፣ ስለ ሐይቁ ውሃ የውሃ ምሕንድስና፣ ስለ ሰዎቹ ኑሮ ማኅበራዊ ሳይንስና ታሪክ። ይህንን ጥያቄ በማስታወሻ ደብተርዎ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይጻፉት፤ ንባቡ ሲሰፋ ጥያቄው ሊሻሻል ይችላል፣ ሲሻሻልም ከነቀኑ ከሥሩ ይጻፉት።

የትኛው ግቢ

ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2000 የተመሠረተው ሁለት ነባር ተቋማትን በማዋሐድ ነው፤ አንደኛው እ.ኤ.አ. በ1963 በሶቪየት ኅብረት ትብብር የተቋቋመው ፖሊ ቴክኒክ፣ ሁለተኛው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1972 በፔዳጎጂ አካዳሚነት የተመሠረተውና በኋላ መምህራን ኮሌጅ የሆነው ነው። ዛሬም ተማሪው «ፖሊ» እና «ፔዳ» የሚላቸው ግቢዎች የዚያ ታሪክ ውርስ ናቸው። ይህ ለቤተ መጻሕፍት ተጠቃሚ ተግባራዊ ትርጉም አለው፤ መጻሕፍቱ በትምህርት ክፍሎቹ አሰፋፈር መጠን በየግቢው ተበታትነው ስለሚገኙ፣ ፔዳ የሚማር ተማሪ በግቢው መደርደሪያ ያጣውን መጽሐፍ «ቤተ መጻሕፍቱ የለውም» ብሎ መደምደም አይገባውም። ለምሳሌያችን የውሃ ሀብት ምሕንድስና በፖሊ፣ የግብርናና የዓሣ ሀብት በዘንዘልማ ግቢ፣ ታሪክና ማኅበራዊ ሳይንስ በፔዳ ይፈለጋል፤ የጤና ተማሪ ደግሞ የጥበበ ግዮንን ግቢ ያስባል።

መታወቂያ ይዘው ይሂዱ፤ ቦርሳ በር ላይ ሊቀር ስለሚችል ደብተር፣ እስክሪብቶና ፍላሽ በእጅ ይያዙ። መጽሐፍ የሚዋሱበትን ክፍል፣ ከቤተ መጻሕፍት የማይወጡ ማጣቀሻዎች የሚቀመጡበትን ክፍል፣ የጆርናሎችንና የመመረቂያ ጽሑፎችን ክፍል በመጀመሪያው ቀን ለይተው ይወቁ። ከሁሉም በላይ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዋን ወይም ባለሙያውን ያነጋግሩ። «ስለ እንቦጭ መጽሐፍ አለ?» ከማለት ይልቅ ጥያቄዎን ከነሙሉ አነጋገሩ አንብበው፣ እስካሁን የትኞቹን ቃላት እንደፈለጉና ምን እንዳገኙ ነግረው «ከዚህ ቀጥሎ የት ልመልከት?» ቢሉ የሚያገኙት መልስ ሌላ ነው። ብዙ ተማሪ አራት ዓመት ተምሮ ከባለሙያዎቹ ጋር አንድ ጊዜ እንኳ ሳይነጋገር መመረቁ በጣም ያሳዝናል፤ ከሕንፃውም ከመጻሕፍቱም የሚበልጠው ሀብት እነሱ ናቸውና።

የፍለጋ ቃላት

ካታሎጉ በኮምፒዩተርም ይሁን በካርድ፣ የሚመልሰው የተጠየቀውን ፊደል ብቻ ነው። በአማርኛ ሲፈልጉ ይህ ትልቅ እንቅፋት ይሆናል። ዓሣ የሚለውን አንዱ መዝጋቢ «ዓሣ»፣ ሌላው «አሳ»፣ ሦስተኛው «ዓሳ» ብሎ ሊመዘግበው ይችላል፤ ሐይቅም «ሀይቅ» ወይም «ኃይቅ» ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ ሀ፣ ሐና ኀን፣ ሰና ሠን፣ አና ዐን፣ ጸና ፀን የያዘ ቃል ሲፈልጉ በሁሉም አጻጻፍ ይሞክሩ፣ የሞከሩትንም በደብተርዎ ምልክት ያድርጉበት። በእንግሊዝኛ ፊደል ሲፈልጉም ችግሩ መልኩን ቀይሮ ይመጣል፤ የባሕር ዳር ስም በላቲን ፊደል በተለያየ መልክ ይጻፋል፣ ጣናንም የጥንት ተጓዦች «ጻና» በሚያሰኝ ፊደል ጽፈውታል።

የእንስሳትና የዕፀዋት ጉዳይ ከሆነ የአገሬውን ስም ከሳይንሳዊ ስሙ ጋር ያጣምሩ። አምባዛ በሳይንሳዊ ጽሑፍ ክላርያስ ጋሪፒነስ፣ ቀረሶ ደግሞ ኦሬኦክሮሚስ ኒሎቲከስ ነው። ሳይንሳዊ ስሞችም ይለወጣሉ፦ እንቦጭ ለረጅም ጊዜ ኢክሆርኒያ ክራሲፔስ ሲባል ቆይቶ አሁን ፖንቴዴሪያ ክራሲፔስ በሚለው ስም መጠራት ጀምሯል፤ የጣና ነጭ ዓሣዎችም ዛሬ ሌቢዮባርበስ በሚለው ወገን ሲመደቡ በቀደሙት ጽሑፎች ባርበስ ተብለው ነው የሚገኙት። በአዲሱ ስም ብቻ የሚፈልግ ሰው የቀደመውን ትውልድ ጥናት በሙሉ ያጣል። በኮምፒዩተር ሲፈልጉ አንድ ስም ወይም ሌላ ስም ለማለት «ኦር»፣ ሁለቱም በአንድ ላይ እንዲገኙ ለማለት «ኤንድ» የሚሉትን የእንግሊዝኛ ቃላት በመካከል ያስገቡ፤ አብረው መሄድ የሚገባቸውን ቃላት ደግሞ በትእምርተ ጥቅስ ይክበቡ።

ከመደርደሪያው ፊት

ካታሎጉ የሚሰጥዎትን የመደርደሪያ ቁጥር ሙሉውን ይገልብጡ፤ ከቁጥሩ ሥር ያሉትን ፊደላት መተው መጽሐፉን ከአምሳ መሰሎቹ መካከል በዓይን መፈለግን ያስከትላል። መጻሕፍትን በርእሰ ጉዳያቸው ቁጥር እየሰጠ በሚደረድረው በዲዊ አመዳደብ በሚሠራ ቤተ መጻሕፍት የኢትዮጵያ ታሪክ 963፣ ስለ ዓሣዎች የሚናገር ሥነ እንስሳ 597፣ ዓሣ የማስገር ሥራ 639.2፣ የውሃ ሀብት አጠቃቀም 333.91፣ የውሃ ሳይንስ 551.48 ላይ ይገኛል። ከነጥቡ በኋላ ያለው ቁጥር እንደ ሙሉ ቁጥር አይነበብም፤ 639.209 ከ639.21 በፊት የሚቀመጠው አኃዞቹ አንድ በአንድ ስለሚነጻጸሩ ነው። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍትን አመዳደብ የሚከተል ከሆነ ቁጥሩ በፊደል ይጀምራል፤ መደርደሪያው ጫፍ ላይ የተለጠፈውን ሰንጠረዥ መመልከት ይበቃል።

የፈለጉትን መጽሐፍ ሲያገኙ በግራና በቀኙ ያሉትንም አውርደው ማውጫቸውን ይመልከቱ፤ ካታሎጉ ያልነገርዎት ብዙ ነገር የሚገኘው እዚያ ነው። ተመልክተው የጨረሱትን መጽሐፍ በግምት ወደ መደርደሪያ አይመልሱ፤ ጠረጴዛ ላይ ይተዉት። ያለቦታው የገባ መጽሐፍ ለሌላው ተማሪ እንደ ጠፋ ይቆጠራል።

ጠለቅ ያለ ንባብ ከመጀመርዎ በፊት ከማጣቀሻ ክፍሉ መነሻ ዕውቀት ይውሰዱ። ለኢትዮጵያ ጉዳይ እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2014 በአምስት ቅጽ የታተመው ኢንሳይክሎፒዲያ ኤቲዮፒካ ስለ ቦታዎች፣ ስለ ሕዝቦችና ስለ ገዳማት አጠር ያለ ማብራሪያ ይሰጣል፤ ትልቁ ጥቅሙ ግን በየማብራሪያው መጨረሻ ያሰፈራቸው የጽሑፍ ዝርዝሮች ናቸው። ከዚያ ወደ መመረቂያ ጽሑፎቹ ይሻገሩ፤ የቀደመውን ተማሪ ክለሳ ድርሳናትና ዋቢ ዝርዝር ማንበብ አካባቢያችንን የሚመለከቱ ጽሑፎችን ለማግኘት አጭሩ መንገድ ነው። ነገር ግን ከዋቢ ዝርዝሩ ያገኙትን ጽሑፍ ራስዎ አግኝተው ሳያነቡ ወደራስዎ ዝርዝር አያስገቡ።

በኢንተርኔት የሚገኙ ምንጮች

በግቢው ኔትወርክ ላይ ሆነው መጀመሪያ የሚከፍቱት ሪሰርች ፎር ላይፍ የተባለውን የጋራ መርሐ ግብር ይሁን። በውስጡ ለጤና ሂናሪ፣ ለግብርና አጎራ፣ ለአካባቢ ሳይንስ ኦ.ኤ.አር.ኢ.፣ ለቴክኖሎጂ አርዲ፣ ለሕግ ጎአሊ የተባሉ አምስት ክፍሎች አሉ፤ ኢትዮጵያ ያለ ክፍያ ከሚጠቀሙት አገሮች ምድብ ውስጥ ስለሆነች፣ የተመዘገበ ተቋም ተማሪ ሌላው ዓለም በብዙ ዶላር የሚገዛቸውን ጆርናሎች በነጻ ያነባል። የመግቢያ ስምና የይለፍ ቃል የሚሰጠው በቤተ መጻሕፍቱ በኩል ነው፤ ጠይቀው ይቀበሉ። የአፍሪካ ጆርናሎችን ለማግኘት እ.ኤ.አ. በ1998 የተጀመረው አፍሪካን ጆርናልስ ኦንላይን አለ፤ በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የሚታተሙ ጆርናሎች፣ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲንም ጨምሮ፣ ለአካባቢያዊ ጥያቄ ከታዋቂዎቹ የውጭ ጆርናሎች የበለጠ ሊጠቅሙ ይችላሉ። የመመረቂያ ጽሑፎችን በዩኒቨርሲቲው የዲጂታል ማከማቻና በብሔራዊው የአካዳሚክ ዲጂታል ማከማቻ ይፈልጉ።

ጉግል ስኮላር ለሁሉም የሚያገለግል ሲሆን ዋና ጥቅሙ ከእያንዳንዱ ጽሑፍ ሥር ያንን ጽሑፍ የጠቀሱትን በኋላ የመጡ ጥናቶች ማሳየቱ ነው። አንድ ጥሩ ጽሑፍ ካገኙ በዋቢ ዝርዝሩ በኩል ወደ ኋላ፣ በጠቀሱት በኩል ደግሞ ወደ ፊት ይሂዱ፤ በሁለቱም አቅጣጫ ተመላልሰው የሚያገኟቸው ስሞች የመስኩ ዋና ጸሐፊዎች ናቸው። መብራትና ኔትወርክ ሁልጊዜ አስተማማኝ ስላልሆኑ የተገኘውን ወዲያው ያውርዱ፣ የፋይሉንም ስም በዓመተ ምሕረት፣ በጸሐፊና በአንድ ቁልፍ ቃል ይቀይሩት። ድረ ገጹ የሰጠውን ረጅም የቁጥር ስም እንዳለ ትቶ የሚያከማች ሰው ከሦስት ወር በኋላ የራሱን ፋይል አያውቀውም።

በዚህ ዘመን አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጽሑፍ የሚያመነጩ የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች ዋቢ ሲጠየቁ ያልተጻፈ መጽሐፍ፣ ያልኖረ ጆርናል፣ እውነተኛ የሚመስል የገጽ ቁጥር ሊሰጡ ይችላሉ። ስለዚህ በ10 የሚጀምረው የጽሑፉ ዲጂታል መለያ፣ ዲ.ኦ.አይ. የሚባለው፣ ተከፍቶ ጽሑፉ ካልታየ፣ ወይም መጽሐፉ በየትኛውም ካታሎግ ካልተገኘ፣ ያ ምንጭ የለም ብለው ይያዙ። ገንዘብ ብቻ ተቀብለው ያለ ገምጋሚ የሚያትሙ ጆርናሎችም ስላሉ፣ ጽሑፉ በማን እንደተገመገመና የአዘጋጅ ቦርዱ እነማን እንደሆኑ መመልከት ልማድ ይሁን፤ ከተጠራጠሩ አማካሪዎን ይጠይቁ።

ምንጮች ሲጋጩ

ስለ ጣና ባነበቡ ቁጥር የሐይቁ ስፋት ሲለያይ ያገኙታል፤ አንዱ ጽሑፍ 3,000፣ ሌላው 3,600 ካሬ ኪሎ ሜትር ይላል። ተማሪው ደስ ያለውን ቁጥር መርጦ ያልፋል፤ ተመራማሪ ግን እዚህ ላይ ነው መቆም ያለበት። ጣና ሰፊ ሆኖ ጥልቀቱ ትንሽ ነው፤ ጥልቅ የሚባለው ክፍሉ ከ15 ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ ስለዚህ የውሃው ከፍታ በትንሹ ሲለወጥ ለጥ ያለው የዳርቻ መሬት ይጋለጣል ወይም ይጥለቀለቃል። በዚህ ላይ አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በጨረጨራ የተሠራው ግድብ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ የሚወጣውን ውሃ መቆጣጠር ጀመረ፤ እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ሥራ ጀመረ። ስለሆነም ቁጥሩ በየት ዓመት፣ በየት ወር፣ በምን ዘዴ እንደተለካ ሳይገለጽ ብቻውን ብዙ አይናገርም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቁጥሩን ያገኙበት ጽሑፍ ራሱ ለክቶ ነው ወይስ ከሌላ ወስዶ? ከሌላ ከወሰደ ያንን ሌላውን ያግኙ፤ እሱም ከሌላ ወስዶ ከሆነ እስከ ለካው ሰው ድረስ ይሂዱ። ብዙ ጊዜ ሦስትና አራት መመረቂያ ጽሑፎች እርስ በርስ የተገለባበጡት አኃዝ መነሻው አንድ የቆየ ሪፖርት ሆኖ ይገኛል፤ አንዳንዴም በመገልበጥ ላይ ሳለ አኃዙ ተለውጦ ይገኛል። ዋናውን ማግኘት ጨርሶ ካልተቻለ «ዋናው ጸሐፊ፣ በእገሌ እንደተጠቀሰው» ብለው ያነበቡትን ብቻ ይጥቀሱ፤ በዋቢ ዝርዝሩም የሚገባው በእጅዎ የነበረው ጽሑፍ ነው።

ማስታወሻ አያያዝ

ከማንኛውም ምንጭ አንድ ቃል ከመገልበጥዎ በፊት በገጹ ራስጌ ላይ የጸሐፊውን ሙሉ ስም፣ የታተመበትን ዓመት ከነዘመን አቆጣጠሩ፣ ሙሉ ርእሱን፣ አሳታሚውንና ቦታውን፣ ጆርናል ከሆነ ቅጹን፣ ቁጥሩንና ገጾቹን፣ የመደርደሪያ ቁጥሩን ወይም አድራሻውን ይጻፉ። ፎቶ በስልክ ሲያነሡም መጀመሪያ የርእስ ገጹንና የጀርባውን ገጽ ያንሡ፣ ከዚያ የሚፈልጉትን።

ቀጥሎ በደብተርዎ የሚጽፉት ሁሉ ከሦስት አንዱ መሆኑን በምልክት ይለዩ። ቃል በቃል የገለበጡትን በትእምርተ ጥቅስ ከብበው የገጽ ቁጥሩን ያስፍሩ፤ በራስዎ አባባል ያስቀመጡትን ያለ ትእምርተ ጥቅስ ከገጽ ቁጥር ጋር ይጻፉ፤ እያነበቡ ሳሉ የመጣልዎትን የራስዎን ሐሳብ ደግሞ በሌላ ቀለም ወይም በቅንፍ ይለዩ። የጽሑፍ ስርቆት ከሚባለው ጥፋት ብዙው የሚመነጨው በክፋት ሳይሆን ሦስቱ በአንድ ገጽ ላይ ተቀላቅለው ከመቀመጣቸው ነው፤ ሆኖም ገምጋሚው የሚያየው ወረቀቱን እንጂ ልብን አይደለም።

በራስ አባባል መጻፍ ቃላትን በተመሳሳይ ቃላት መተካት አይደለም። ለልምምድ ያህል ይህን ዐረፍተ ነገር ከአንድ ምንጭ አገኘን እንበል፦ «እንቦጩ የሐይቁን ዳርቻ በሚሸፍንበት ወቅት አስጋሪዎች መረባቸውን ወደ ጥልቁ የሐይቁ ክፍል ለመውሰድ ይገደዳሉ፤ ይህም የነዳጅ ወጪያቸውን ይጨምራል።» አንድ ተማሪ «አረሙ የሐይቁን ጠረፍ በሚያለብስበት ጊዜ ዓሣ አጥማጆች መረባቸውን ጥልቀት ወዳለው ክፍል ለማጓጓዝ ይገደዳሉ፤ ይህም የነዳጅ ወጪያቸውን ከፍ ያደርጋል» ብሎ ቢጽፍ፣ ጸሐፊዋን ቢጠቅስ እንኳ፣ የዐረፍተ ነገሩን አካል ወስዶ ልብሱን ብቻ ነው የቀየረው። ተገቢው መጽሐፉን ዘግቶ፣ ምን እንደተባለ አስቦ እንዲህ መጻፍ ነው፦ «በአረሙ መብዛትና በአስጋሪው የነዳጅ ወጪ መካከል ያለው ማገናኛ ርቀት ነው፤ መረቡ የሚጣልበት ቦታ ከዳርቻው በራቀ ቁጥር ወጪው እንደሚያድግ ጸሐፊዋ ታስረዳለች (የጸሐፊዋ ስም፣ 2008 ዓ.ም.፣ ገጽ 31)። ይህ ማብራሪያ ሞተር ያላቸውን የሚመለከት በመሆኑ በደንገል ታንኳ የሚያሰግሩትን ለብቻ ማጥናት ያስፈልጋል።» የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር የተማሪው ሐሳብ ስለሆነ ዋቢ አይከተለውም፤ አንባቢም የማን ሐሳብ የት ላይ እንዳበቃ ያያል።

የአጠቃቀስ ሥርዓትን መምረጥ

ሥርዓቱን የሚወስነው የትምህርት ክፍሉ ነው፤ በማኅበራዊ ሳይንስና በትምህርት ዘርፍ በአብዛኛው ኤ.ፒ.ኤ.፣ በሕክምና ቫንኩቨር፣ በምሕንድስና አይ ትሪፕል ኢ፣ በታሪክ የግርጌ ማስታወሻ የሚጠቀመው ቺካጎ ይሠራባቸዋል። የኤ.ፒ.ኤ. ሰባተኛ እትም የወጣው እ.ኤ.አ. በ2019 ሲሆን፣ በእሱ መሠረት ጸሐፊዎቹ ሦስትና ከዚያ በላይ ከሆኑ ከመጀመሪያው ጥቅስ ጀምሮ የመጀመሪያው ስም ተጽፎ «እና ሌሎች» ይባላል። አንድ ሥርዓት ከተመረጠ እስከ መጨረሻው በእሱ ይጸናል። ነጠላ ሰረዝ የት እንደሚገባ መመሪያውን ገልጦ ማየት ይቻላልና በዚያ ላይ አልቆይም፤ የውጭ መመሪያዎች በቂ መልስ በማይሰጡባቸው የእኛ ጉዳዮች ላይ ግን ዘርዘር ማለት ይገባል።

የመጀመሪያው የስም ጉዳይ ነው። ኢትዮጵያዊ ጸሐፊ የቤተሰብ ስም የለውም፤ ሁለተኛው ስም የአባቱ ነው። ታሪክ ጸሐፊው ባሕሩ ዘውዴ በዋቢ ዝርዝር የሚገቡት በ«ባ» ሥር «ባሕሩ ዘውዴ» ተብለው ነው፤ «ዘውዴ፣ ባ.» ብሎ መጻፍ ሥራውን በአባታቸው ስም ማስመዝገብ ነው። ጥንድ ስሞችም አይቆረጡም፤ ተክለ ጻድቅ መኩሪያ «ተክለ» በሚል ብቻ አይጠሩም፤ የማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀልም ስም ጥንድ ከጥንድ ጋር ነው። ብላቴን ጌታ፣ ዶክተር፣ አለቃ፣ አባ የመሳሰሉት ማዕረጎች በጽሑፉ ውስጥ ለአክብሮት ሊነሡ ቢችሉም በፊደል ተራ ለመደርደር አያገለግሉም። የውጭ ጆርናል ስሙን ገልብጦ ካተመው ወይም የራሱን ሥርዓት ካስገደደ ይታዘዙ፤ ግን አንድን ሰው በአንድ ዝርዝር ውስጥ በሁለት ስም አያስገቡ። እንደ ዞቴሮ ያለ የዋቢ ማደራጃ ፕሮግራም የሚጠቀሙ ከሆነ የስሙን ሳጥን ከሁለት ወደ አንድ ቀይረው ሙሉውን ስም በአንድነት ያስገቡ፤ ያን ጊዜ ፕሮግራሙ አይገለብጠውም።

ሁለተኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛው ሳምንት ማብቂያ ድረስ ልዩነቱ ሰባት ዓመት፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ስምንት ዓመት ነው። ስለዚህ ወሩ ያልተገለጸ የ2008 ዓ.ም. መጽሐፍ እ.ኤ.አ. 2015 ወይም 2016 ሊሆን ይችላል፤ በእንግሊዝኛ በሚጻፍ ጥናት መጽሐፉ ላይ ያለውን ዓመት ከነአቆጣጠሩ አስቀምጦ በአጠገቡ 2015/2016 ማለት ይሻላል፤ ስምንት ደምሮ አንዱን በግምት መምረጥ አይገባም። ሦስተኛው የሕዝብና ቤት ቆጠራ በእኛ 1999፣ በአውሮፓውያን 2007 ይባላል፤ አቆጣጠሩ ሳይጠቀስ «የ1999 ቆጠራ» የሚል ያነበበ የውጭ አንባቢ በዚያ ዓመት የተካሄደ ሌላ ቆጠራ ያለ ሊመስለው ይችላል። ስለዚህ በአማርኛ ጽሑፍ «ዓ.ም.» እና «እ.ኤ.አ.» የሚሉትን ምልክቶች አለማቋረጥ ያስፈልጋል።

ይህ በሕግ ላይ ጎልቶ ይታያል። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀምን የሚመለከተው የፌዴራል አዋጅ በአማርኛ 315/1995፣ በእንግሊዝኛ 315/2003 ተብሎ ይጠራል፤ ሁለት አዋጅ አይደለም። የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ በሁለት ቋንቋ ሲወጣ ልዩነት ከተገኘ የሚጸናው የአማርኛው ቅጂ ስለሆነ አንቀጽ ሲጠቅሱ አማርኛውን መሠረት ያድርጉ። የአማራ ክልል ሕጎች የሚወጡት በዝክረ ሕግ ነው። ጋዜጣ፣ ለምሳሌ በከተማችን የሚታተመውን በኩርን፣ ሲጠቅሱ ዕለቱን፣ የጋዜጣውን ቁጥርና ገጹን ይመዝግቡ።

ከአስጋሪዎቹ ጋር የሚያደርጉት ቃለ መጠይቅ እንደ ትምህርት ዘርፉ ይለያያል። በኤ.ፒ.ኤ. አሠራር የራስዎ የጥናት ተሳታፊዎች ንግግር የጥናቱ ውሂብ ስለሆነ በዋቢ ዝርዝር አይገባም፤ ሰዎቹም በምስጢር ስም ወይም በቁጥር ይጠራሉ። በታሪክ ጥናት ግን የመረጃ አቀባዮች ዝርዝር ስም፣ ዕድሜ፣ ቦታና ዕለት ይዞ ከጽሑፉ መጨረሻ ይያያዛል። በሁለቱም ፈቃድ መጠየቅ ግዴታ ነው። ዕድሜያቸውን በሐይቁ ላይ ያሳለፉ አባት ሲያናግሩ ቃላቸው የት እንደሚጻፍና ማን እንደሚያነበው አስቀድሞ ሊነገራቸው ይገባል፤ ስማቸው እንዲጠቀስ የሚፈልጉም፣ የማይፈልጉም አሉ።

በደሴቶቹ ገዳማት የሚገኝ የብራና መጽሐፍ ለመጥቀስ የገዳሙ ስም፣ የመጽሐፉ መለያ ቁጥር፣ የቅጠሉ ቁጥርና ፊት ወይም ጀርባ መሆኑ ያስፈልጋል። ጀልባ ከመሳፈርዎ በፊት ግን ካታሎጉን ይመልከቱ፤ የጣና ገዳማት ብራናዎች በኤርነስት ሐመርሽሚት እ.ኤ.አ. በ1973 እና በ1977፣ በቬሮኒካ ሲክስ ደግሞ በ1999 በታተሙ ሦስት የጀርመንኛ ቅጾች ተዘርዝረዋል። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች ማይክሮፊልም ሥራ ውጤትም በአሜሪካ በሚገኘው የሂል ሙዚየምና የብራና ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ በነጻ ምዝገባ ሊጎበኝ ይችላል። ይህ በተለይ ለሴት ተመራማሪዎች አስፈላጊ ነው፤ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴቶች የማይገቡባቸው ገዳማት ናቸውና፣ ፎቶግራፉ ለእነሱ ዋናው በር ነው።

ከማስረከብ በፊት

ዋቢ ዝርዝሩን በአማርኛ የተጻፉትንና በውጭ ቋንቋ የተጻፉትን ለይተው ያዘጋጁ፤ የአማርኛው በሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ተራ ይደረደራል። ከዚያ ጽሑፉን አትመው፣ ከአንድ ጓደኛ ጋር ሆነው፣ አንዱ በጽሑፉ ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን ጥቅስ ሲያነብ ሌላው በዝርዝሩ ላይ ምልክት ያድርግ። በጽሑፉ ኖሮ በዝርዝሩ የሌለ ይጨመራል፤ በዝርዝሩ ኖሮ በጽሑፉ ያልተጠቀሰ ይወጣል። ቀጥሎ በዘፈቀደ ዐሥር ያህል ጥቅሶችን መርጠው ማስታወሻዎን ገልጠው እስከ ገጹ ድረስ ተመልሰው ያረጋግጡ፤ ከዐሥሩ አንዱ እንኳ ከተሳሳተ የቀሩትን ሁሉ ማየት ያስፈልጋል። የተዋሱትን መጽሐፍ የሚመልሱት ይህ ማረጋገጥ ካለቀ በኋላ ይሁን፤ ቀነ ገደቡ ከደረሰ ደግሞ ወደ መዋሻው ክፍል ሄደው ያሳድሱት።